ለልጆቻችሁ የሜሪ ስቱዋርትን ፊልም ከማሳየታችሁ በፊት

ለንደን ውስጥ ልጆቻቸው ለጂ.ሲ.ኤስ.ኢ ፈተና (በ16 ዓመት ገደማ ለሚወሰደው የእንግሊዝ ብሔራዊ ፈተና) የንግሥት ቀዳማዊት ኤልሳቤጥን ዘመን የሚያጠኑ የአገሬ ልጆች ጥቂት አይደሉም። እኛ በልጅነታችን ስለ ዐፄ ልብነ ድንግልና ስለ ግራኝ አሕመድ ተማርን እንጂ፣ በዚያው ዘመን እንግሊዝን ይገዙ ስለነበሩት ቱዶሮች የነገረን ስላልነበረ፣ ልጆቻችንን ለማገዝ ስንነሣ መጀመሪያ የሚታየን ፊልም ነው። የልጄንና የጓደኞቿን የቅዳሜ ጥናት የመራሁት በዚሁ መንገድ ነው። ይህን የምጽፈው፣ አሁን የማውቀውን ያን ጊዜ የሚነግረኝ ሰው ባለማግኘቴ እስከ ዛሬ ስለምቆጭ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዝግጅቱ አያስቸግርም። ፊልሞቹ በኪራይ ይገኛሉ፤ የዕድሜ ገደባቸውን ማየትና ለልጆች የማይሆነውን ክፍል አስቀድሞ መለየት ይበቃል።

የተበላሸብን የኤልሳቤጥ ዘመድና ተቀናቃኝ የነበረችው የስኮትላንድ ንግሥት የሜሪ ስቱዋርት ክፍል ነው። ትምህርት ቤቱ ለወላጆች የበተነው የምክር ወረቀት፣ ልጆች መጀመሪያ ፊልሙን እንዲያዩ፣ ስሕተቱ ካለ ከዚያ በኋላ እንዲታረም ይላል። ቃል በቃል ፈጸምኩት። የመረጥነው በ2018 የወጣውን፣ ሲርሻ ሮናን ሜሪን፣ ማርጎ ሮቢ ደግሞ ኤልሳቤጥን ሆነው የተወኑበትን ፊልም ነበር። ወደ መጨረሻው ገደማ ሁለቱ ንግሥቶች በአንድ የልብስ ማጠቢያ ቤት በምስጢር ይገናኛሉ። ከላይ የተንጠለጠሉ ነጫጭ ጨርቆች ስለሚጋርዷቸው መጀመሪያ አንዳቸው የሌላዋን ድምፅ እየሰሙ አይተያዩም፤ ሜሪ ጨርቁን እየገለጠች ትፈልጋታለች፤ በኋላም ኤልሳቤጥ ዊጓን አውልቃ ከሥሩ ያለውን አጭር ጸጉሯን ታሳያታለች። ልጆቹ ትንፋሻቸውን ውጠው ተመለከቱት።

ይህ ግንኙነት ፈጽሞ አልተደረገም። በ1562 ሁለቱን ለማገናኘት ታስቦ የነበረው ዕቅድ ፈረንሳይ ውስጥ በፈነዳው የሃይማኖት ጦርነት ምክንያት ቀርቷል። ሜሪ በሜይ 1568 በጀልባ ተሻግራ እንግሊዝ ከገባች በኋላ ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1587 ፎዘሪንጌይ በተባለው ግንብ አንገቷ እስኪቀላ ድረስ ለ19 ዓመታት ያህል ከአንዱ ግንብ ወደ ሌላው እየተዘዋወረች የኤልሳቤጥ እስረኛ ሆና ስትኖር፣ ኤልሳቤጥን አንድም ቀን በዓይኗ አላየቻትም። የሁለቱ ታሪክ የደብዳቤ ታሪክ ነው፤ ደብዳቤ ደግሞ ለካሜራ አይመችም። ጀርመናዊው ሺለር በ1800 በጻፈው ተውኔት ፊት ለፊት ካገናኛቸው ወዲህ፣ ሁለት ታላላቅ ተዋናዮችን በአንድ ትዕይንት የማቆሙን ዕድል ለመተው የጨከነ ፊልም ሠሪ ብዙ አይደለም።

ይህን ሁሉ በዚያው ምሽት አስረዳሁ፤ ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሳምንታት አልፈው የሙከራ ፈተናው ሲመጣ ግን ከመካከላቸው አንዱ፣ ኤልሳቤጥ የሞት ፍርዱን ለመፈረም ያመነታችው ሜሪን በአካል አግኝታ ስለራራችላት ነው ብሎ ጻፈ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ውጤቱን ሲያይ ዓይኑ እንባ ሞላ። ወረቀቱን ይዤ መምህሩ ዘንድ ስሄድ፣ ልጁ እርማቱን በጥሞና አላዳመጠም ማለት ነው የሚል መልስ ሰጡኝ። ምክሩ የእሳቸው፣ ጥፋቱ የልጁ! ዛሬም ድረስ ያንገበግበኛል። ከዓይን የገባ ነገር ሥር ከሰደደ በኋላ በጆሮ ተነግሮት እንደማይነቀል ማስተማርን ሙያቸው ያደረጉ ሰዎች ሊያውቁት ይገባ ነበር።

ይባስ ብሎ አንዲት ልጅ፣ «ጋሼ፣ ስትገደል የለበሰችው ቀይ ልብስ ግን የፊልሙ ፈጠራ ነው አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። እውነተኛው እሱ ነው። የዓይን ምስክሮች እንደጻፉት ሜሪ ጥቁሩን የላይ ልብሷን ስታወልቅ ከሥሩ የታየው፣ በካቶሊኮች ዘንድ የሰማዕትነት ምልክት የሆነው ቀይ ቀለም ነበር። የተፈጠረውን አምነው የተፈጸመውን ተጠራጠሩ ማለት ነው። የፊልሙ ሜሪ በመገደያዋ ቀንም ወጣት መስላ ትታያለች፤ እውነተኛዋ ግን 44 ዓመት የሞላት፣ በመገጣጠሚያ ሕመም የምትሠቃይ ሴት ነበረች።

ስለዚህ ወረቀቱን ተቃርኜ የምመክረው ይህን ነው፦ እርማቱ ይቅደም፣ ፊልሙ ይከተል። አሁን ከፊልሙ በፊት የማስነብበው፣ ሜሪ ልትገደል ሰዓታት ሲቀሯት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሦስተኛው ሄንሪ የጻፈችውን ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ኤዲንብራ በሚገኘው የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል፤ የተጻፈውም በፈረንሳይኛ ነው። ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ በፈረንሳይ ቤተ መንግሥት ያደገች ሴት በፊልሙ ውስጥ እንዴት በስኮትላንዳውያን ቅላጼ ትናገራለች ብለው ልጆቹ ራሳቸው የጠየቁት ይህን ካነበቡ በኋላ ነው። በዚያ ጥያቄ እስከ ዛሬ እኮራለሁ።

ሁለተኛው ምክሬ ሁለት ሥራዎችን ጎን ለጎን ማሳየት ነው። በ1971 ግሌንዳ ጃክሰን ኤልሳቤጥን ሁለት ጊዜ ተጫውታለች፦ ስድስት ክፍል ባለው የቢቢሲ ተከታታይ ድራማ፣ እንዲሁም ቫኔሳ ሬድግሬቭ ሜሪን በሆነችበት ፊልም። በድራማው ንግሥቶቹ አይገናኙም፤ በፊልሙ ይገናኛሉ። አንዲት ተዋናይ፣ በአንድ ዓመት፣ ሁለት ታሪክ። ግንኙነቱ የጸሐፊው ምርጫ መሆኑን ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም።

ፊልሙ በታሪክ ምሁር መጽሐፍ ላይ ተመሥርቷል መባሉንም እንደ ዋስትና አትቁጠሩት፤ የ2018ቱ መሠረቱ እውቁ ጆን ጋይ የጻፈው የሜሪ የሕይወት ታሪክ ነው፣ የልብስ ማጠቢያ ቤቱ ግን አለበት። ስለ ኤልሳቤጥ አባት ስለ ስምንተኛው ሄንሪ ለሚያጠኑ ደግሞ በ2007 የጀመረውን «ዘ ቱዶርስ» የተሰኘ የቴሌቪዥን ድራማ ለጊዜው አቆዩት። ሁለቱን የንጉሡን እኅቶች በአንዲት ማርጋሬት ጠቅልሎ ለፖርቱጋል ንጉሥ ይድርና በትራስ አፍና እንድትገድለው ያደርጋል፤ ሽማግሌ ንጉሥ ያገባችው ግን የሄንሪ ታናሽ እኅት ሜሪ ቱዶር ስትሆን፣ ባሏም በ1514 ያገባት የፈረንሳዩ ሉዊ 12ኛ ነበር፣ ከሦስት ወር በታች ኖሮ በሕመም ሞተ። ልጆቹን መጀመሪያ ወደ ለንደን ታወር ወስዳችሁ ለሄንሪ በ1540 የተሠራውን የብረት ልብስ አሳዩአቸው፤ የወገቡን ስፋት ካዩ በኋላ በድራማው ውስጥ እስከ መጨረሻው ቀጭን ሆኖ የሚዘልቀውን ንጉሥ ማንም ሳይነግራቸው ይጠይቁታል።