ደሴ ጠጠር ጠፋ እንዴ?

ባለፈው ግንቦት ነው፣ ጠዋት እንቁላል ልሰበስብ ገብቼ አንዱን ሳነሳው ጣቴ ሰርጎ ገባ። ቅርፊቱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቷል። በዛ ሳምንት ከ80 ዶሮዬ ስንት እንቁላል እንደፈሰሰብኝ ባልነግራችሁ ይሻላል፣ ሻይ ቤት የማስረክባቸው እትዬ እንኳ «ልጄ ያንቺ እንቁላል ገና ትሪ ላይ ሳስቀምጠው ይፈሳል» ብለው ግማሹን መለሱልኝ።

እኔም ሮጬ መኖ የሚሸጥበት ሱቅ ሄድኩ። ልጁ ነገሬን ሳልጨርስ አንድ ፓኬት አውጥቶ «ይሄ እንቁላል መጨመሪያ ነው፣ ውሃ ውስጥ በጥብጠሽ ስጫቸው» አለኝ። ብጫ ዱቄት ነው፣ ላዩ ላይ ደስ የምትል ዶሮ ፎቶ አለ፣ በቃ ገዛሁ። ማታ ጀርባው ላይ ያለውን ጥቃቅን ጽሁፍ ሳነበው ግን ኦክሲቴትራሳይክሊን ይላል። አንቲባዮቲክ እኮ ነው! ላልታመመች ዶሮ ስትሰጪው ቅሪቱ እንቁላሉ ውስጥ ይገባል፣ እሱን ደሞ ልጆቼም የሰው ልጆችም ይበሉታል። አውሮፓ ለማሳደጊያ ተብሎ አንቲባዮቲክ መኖ ላይ መጨመር በፈረንጆቹ 2006 ነው የተከለከለው፣ እኛ ጋ ከፉርሽካ ጎን ተደርድሮ ይሸጣል።

ብቻ የእንስሳት ሀኪም የሆነ የሰፈራችን ልጅ መጣና ዶሮዎቹን ሳያይ በፊት «ምንድነው የምታቀላቅይው?» አለኝ። በቆሎ፣ የኑግ ፋጉሎ፣ አኩሪ አተር፣ ፉርሽካ፣ ጨው፣ ፕሪሚክስ (የቫይታሚንና የማዕድን ድብልቅ)፣ ላይምስቶን (ካልሲየም የሚሰጠው የተፈጨ የኖራ ድንጋይ) አልኩት። እውነቱን ለመናገር አኩሪ አተር ሲወደድብኝ ፉርሽካውን በአካፋ ጨምሬበት ነበር (ኮምቦልቻ ዱቄት ፋብሪካ ስላለ ፉርሽካ አይቸግርም)፣ የላይምስቶኑን መጠን ግን እንደነበረ ነው የተውኩት። እጁን መመገቢያው ውስጥ ሰደደና ከስር ነጭ ዱቄት አፍሶ አወጣ። በጣም የላመ ስለሆነ ዶሮዎቹ እህሉን እየለቀሙ እሱን እየተዉት ነው ለካ። እኔ ከፍዬ የገዛሁት ካልሲየም መመገቢያው ስር ተኝቷል!

አንዲት እንቁላል ቅርፊቷ ላይ ብቻ 2 ግራም ገደማ ካልሲየም አለ። ስለዚ የምትጥል ዶሮ መኖዋ ከ3.5 እስከ 4 ፐርሰንት ካልሲየም ያስፈልገዋል፣ በኩንታል ወደ 9 ኪሎ ላይምስቶን ማለት ነው። ቅርፊቱ ተሰርቶ ለማለቅ 20 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ አብዛኛውም ሌሊት ነው የሚሰራው፣ እና ጠጠር ጠጠር ያለውን ላይምስቶን ማታ ስትሰጫቸው ሆዳቸው ውስጥ ቀስ እያለ እየሟሟ ያድራል። ግድግዳ የሚቀባውን ኖራ እንዳትሰጡ ግን፣ ያቃጥላቸዋል። ገና መጣል ላልጀመሩ ቄቦችም ይሄን ያህል ካልሲየም ኩላሊታቸውን ይጎዳል።

ሙቀቱም አለ። የኮምቦልቻ ግንቦት መቼም ታውቁታላችሁ፣ ዶሮ ሲሞቃት መብላት ትቀንሳለች፣ አፏን ከፍታ ስታለከልክ ደሞ ቅርፊት የሚሰራበት ካርቦን በትንፋሿ ይወጣል። ቀዝቃዛ ውሃ ቶሎ ቶሎ መቀየር ጀመርኩ።

ፕሪሚክሱም ላይ ተሳስቼ ነበር፣ የኔው 500 ግራም ለአንድ ኩንታል ነው የሚለው፣ ዝም ብዬ ኩንታሉ ላይ እበትነው ነበር። አንዷ ዶሮ ቫይታሚን በቫይታሚን ትሆናለች ሌላዋ ምንም አታገኝም። አሁን መጀመሪያ ከ2 ኪሎ ፉርሽካ ጋር አሽቼ ነው ወደ ኩንታሉ የማስገባው።

በ10 ቀን ገደማ ቅርፊቱ ጠነከረ። ጠጠሩን በአሮጌ ትሪ ማታ 11 ሰዓት ላይ ለብቻው አስቀምጥላቸዋለሁ፣ ተጋፍተው ነው የሚለቅሙት።

ደሴ ያለችው እህቴ ሙቀት ምክንያት የላትም፣ ግን እንደኔው ተሳስታ ነው መኖ የምታቀላቅለው፣ እሷም ሰሞኑን ደውላ «ያንን ብጫውን ፓኬት ላኪልኝ እስቲ፣ እንቁላል ይጨምራል አሉ» አለችኝ። ግማሹ አሁንም ቤት አለ፣ አልላኩላትም። 5 ኪሎ ላይምስቶን በፌስታል ቋጥሬ ሚኒባስ ላይ ጫንኩላት፣ ረዳቱ ፌስታሉን ከፍቶ አየና «አንቺ ልጅ ደሴ ጠጠር ጠፋ እንዴ?» አለኝ።