ፍሬ ቅነሳ ያጣላን ብርቱካን

ጅማ የዝናብ አገር ናት። የአክስቴ ግቢ ሲሚንቶ የለበሰው በጭቃው ምክንያት ነው፤ ገንዘቡም ከሚኒሶታ የመጣው ከእኔ ኪስ ስለሆነ ማማረር አይገባኝም። ብቻ ለእረፍት ስመለስ ግቢው ውስጥ ዛፍ የሚተከልበት አፈር አልነበረም። ስለዚህ ከችግኝ ጣቢያ የገዛሁላት የተዳቀለ፣ ማለትም ቀንበጡ በሌላ ዛፍ ሥር ላይ የተጣበቀ ብርቱካን በረንዳው ላይ፣ ሥሩ በተበሳ የፕላስቲክ በርሜል ውስጥ ገባ። ጠቡም የተጀመረው እዚያው ነው።

ችግኙ ወገቤ ጋ አይደርስም፤ ግን በየቀንበጡ ጫፍ ነጭ እምቡጥ ተሸክሞ ነው የመጣው። አክስቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት። እኔ ደግሞ "ዘንድሮ አንድም ፍሬ አይያዝበትም" አልኩ።

"አላህ የሰጠውን ልትቀነጥብ? አሜሪካ ያስተማሩህ ይህንን ነው?"

ያስተማረኝስ የአሜሪካው ሎሚ ነው። አፓርታማዬ ውስጥ ያለው ሜየር የሚሉት ዝርያ ነው፤ ፍራንክ ሜየር የተባለ የዕፅዋት አሳሽ እ.ኤ.አ. በ1908 ከቻይና ወደ አሜሪካ ያስገባው። ቁመቱ አጭር ስለሆነ በማሰሮ መኖር ይችልበታል። ውርጭ ሳይጀምር ወደ ቤት ይገባል፣ ግንቦት ላይ ወደ በረንዳ ይወጣል። ጣጣው በበረዶው ወራት ማበቡ ነው፤ ብርሃን የለ፣ ንብ የለ። አበባው ፍሬ ለመቋጠር ሌላ ዛፍ ባይፈልግም ብናኙን የሚያነካካለት ይወዳል። ለስላሳ የሥዕል ብሩሽ ይዤ ከአበባ ወደ አበባ ስዞር በመስኮት ያየኝ ጎረቤት ምን እንዳሰበ እንጃ። በዚያ ላይ አፈሩ ከ13 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ሲቀዘቅዝ ሥሩ ሥራውን ያቆማል፤ በመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ ግን ቅጠሉን ያሞቀዋል። ቅጠሉ ውኃ ቢጠይቅ ሥሩ አያቀብልምና ይረግፋል። ቅጠሉን ጨርሶ አበባ ብቻ የተሸከመ ዛፍ ለዓይን ያምራል፤ ሆኖም ያን ጊዜ ለአንድ ፍሬም መሳሳት አይገባም፣ ሁሉም ይነሣል። ስለ ሥርና ስለ ስደት የሚመች ምሳሌ እዚህ ላይ ተዘጋጅቶ እንደሚጠብቀኝ አውቃለሁ፤ ይለፈኝ።

ወደ ብርቱካኑ ልመለስ። ከዘር የበቀለ ብርቱካን እስኪያብብ ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። የተዳቀለው ግን ጫፉ ካፈራ ዛፍ ላይ የተቆረጠ ስለሆነ ቁመቱ ሳይጠና ያብባል። ፍሬ ደግሞ ቅጠል የሠራውን ምግብ ለሥርና ለአዲስ ቀንበጥ ሳያስተርፍ ይወስዳል። በመጀመሪያው ዓመት አራት አምስት ብርቱካን ያንጠለጠለ ችግኝ እድገቱ ባለበት ይቆማል፤ ቀጭን ቅርንጫፉም ይጎብጣል፣ አንዳንዴም ይሰበራል።

ከአክስቴ ጋር ያስታረቀኝ አበባውን አለመንካቴ ነው። እምቡጡን ሳይፈካ የሚቀነጥቡ ብዙ ናቸው። እኔ አልወደውም፤ ሽታው ምን በደለ? ዛፉም ራሱ ቀናሽ ነው፤ ከመቶ የብርቱካን አበባ ለመብሰል የሚበቃው አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ነው። ቀርቦ ላየው ሥራው ያስገርማል። ነጩ የአበባ ቅጠል ረግፎ ሲያልቅ፣ የክብሪት ራስ የምታህል አረንጓዴ ፍሬ አናቷ ላይ ቀጭን ዘንግ እንደተከለች ትቀራለች። ዘንጉ ይደርቅና ይወድቃል። ከዚያ በኋላ እግራቸው አረንጓዴ ሆኖ የሚቆየው የጥቂቶቹ ነው፤ የብዙዎቹ ይገረጣል፣ ቢጫ ይሆናል፣ በጣት ሲነኩት ከነእግሩ ይወልቃል። ሰንብቶ የሚወድቀው ደግሞ ኮከብ የመሰለች ቆቡን ቅርንጫፉ ላይ ትቶ ይሄዳል። ሰው መቀስ የሚያነሣው ከዚህ ሁሉ ርግፈት በኋላ፣ የተረፈው ፍሬ አተር ሲያክል ነው።

ይህንን ሳስረዳ አክስቴ ዝም ብላ ሰማችኝና "እንደ ቡናው ማለትህ ነው" አለችኝ። አያቴ አጋሮ አካባቢ ቡና ነበራቸው፤ እሷም ያደገችው በለቀማ ነው። ጥላ የሌለው ቡና አንድ ዓመት ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ያፈራና በሚቀጥለው ዓመት ከጫፉ ጀምሮ ይደርቃል። እንደ ብርቱካን ፍሬውን አራግፎ ራሱን ማዳን አይሆንለትም። ከእኔ ማብራሪያ ይልቅ ያ አሳመናት። ጅማ ላይ የዛፍ ነገር በቡና ካልተመዘነ አይታመንም።

የሚያብቡበት ምክንያትም ይቀራረባል። ጅማ ላይ ዛፉን የሚያስተኛው የበጋው ድርቀት ነው፤ የመጀመሪያው ዝናብ ሲያርሰው እምቡጡን ያወጣል። በበርሜል ላለ ዛፍ ግን ዝናቡንም ድርቁንም የሚወስንለት ባለቤቱ ነው። ተረስቶ ከደረቀ በኋላ በአንድ ጊዜ በባልዲ የሚጥለቀለቅ ዛፍ ያለ ወራቱ ያብባል፤ የያዘውንም ትንንሽ ፍሬ ያራግፋል። ፍሬ ከቋጠረ በኋላ ውኃው በመጠኑ፣ ሳይቋረጥ መሆን አለበት። ጣትን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ አስገብቶ ማየት ይበቃል።

ከተዳቀለበት ቦታ በታች የሚወጣ ቀንበጥ ደግሞ ጥንካሬው ያታልላል። እሾሃምና ፈጣን ነው፤ ግን የሥሩ ዛፍ እንጂ የተገዛው ብርቱካን አይደለም። እንደታየ ይነቀላል። "ከዚህ ቀንበጥ ይዘህ አትሄድም?" ያሉኝም ነበሩ። በሽታ ያሻግራል ተብሎ አሜሪካ ሲገቡ ይወሰዳል፤ አይሞከርም።

በሁለተኛው ዓመት ጥቂት ፍሬ ይተዋል። የሚመረጠው ወደ ግንዱ የቀረበው፣ ወፍራም ቅርንጫፍ ላይ ያለው ነው፤ በዘለላ ከተያያዙት አንዱ ብቻ ይቀራል።

አሁን ሚኒሶታ ነኝ። የዘንድሮው አበባ ረግፎ ፍሬው አተር ሲያክል አክስቴ በስልክ ምስል አሳየችኝና "ስንት ልተው?" አለች። ቅጠሉ በደንብ በዝቷል፤ ግንዱ ግን ገና የአውራ ጣት ውፍረት ነው። ሦስት አልኳት። ለጎረቤት ልጆች ብቻ አምስት ያስፈልጋል አለች። አራት ላይ ተስማማን፤ ካሜራውን ያላዞረችበት አንድ ቅርንጫፍ እንዳለ ግን ልብ ብያለሁ።