ግማሽ ፓይንት ቢራ እና የእኔ ይሉኝታ

ለምንከባከባቸው አዛውንት ቢራውን በእጃቸው ያስያዝኳቸው እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልበል። ነገሩ ሥራ ቦታችን በተነሳ ቁጥር ሰው በጓደኞቻቸው ያሳብባል። ጓደኞቻቸው ምንም አላጠፉም።

የምሠራው ሰሜን እንግሊዝ፣ ከሚድልስብሮ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ኬር ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት) ውስጥ ነው። ከምንከባከባቸው አረጋውያን አንዱ ዕድሜያቸውን በሙሉ ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩ የ80 ዓመት ሰው ናቸው። እኔ "ጋሼ" እላቸዋለሁ። ትርጉሙን ስነግራቸው በጣም ደስ አላቸው፤ ከዚያ ወዲህ ከሌላ ስም ይልቅ ለዚህ ቶሎ ይመልሳሉ። እሳቸው "ላቭ" ይሉኛል። የዮርክሻየር ሰው ለባለሱቋም ለአውቶቡስ ሾፌሩም የሚለው ቃል ነው። ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ግን "የኔ ልጅ" ያሉኝ ያህል ይሰማኛል።

ስትሮክ ከመታቸው ሁለት ዓመት አልፏል። ግራ እጅና እግራቸው ደከመ፤ ጉሮሯቸውም አብሮ ደከመ። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ጤነኛ ሰው ሲውጥ የአየር ቧንቧው በቅጽበት ይዘጋል። ስትሮክ በመታው ሰው ላይ ግን መዘጋቱ ሊዘገይ ይችላል። ውሃ ደግሞ ቀጭን ነው፣ ይሮጣል፣ አይጠብቅም። ወደ ሆድ መሄድ የነበረበት ወደ ሳንባ ይገባና የሳንባ ምች ያስከትላል። ስለዚህ መጠጡ እንዲወፍር ይደረጋል። በማንኪያ ተለክቶ የሚጨመር ዱቄት አለ። የመጠጥ ውፍረት ከ0 እስከ 4 ደረጃ ወጥቶለታል፤ የጋሼ 2 ነው። ለእኛ ሰው ቀጠን ያለ አጥሚት ብለው ይገባዋል።

ዱቄቱ ራሱም አደገኛ ነው። ደረቁን አፉ ውስጥ የከተተ ሰው ሊታፈን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት በዚህ ምክንያት ሰው ከሞተ በኋላ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ስለዚህ የዱቄቱ ቆርቆሮ ነዋሪዎች በማይደርሱበት ቦታ ይቀመጣል። ቢራውን በሰጠኋቸው ቀንም በተዘጋ ቦርሳ ውስጥ ነበር። ቦርሳው ሚኒባሱ ውስጥ ነበር። ሚኒባሱ ደግሞ ከድልድዩ ማዶ ቆሟል።

ጋሼ ዓመት ሙሉ የለመኑት አንድ ነገር ነው፤ ዊትቢ ውሰዱኝ። ተወልደው ያደጉባት የባሕር ዳር ከተማ ናት። የኤስክ ወንዝ ለሁለት ከፍሏት ወደ ሰሜን ባሕር ይገባል። በምሥራቅ በኩል አሮጌው ሰፈር አለ፤ ጠባብ፣ በድንጋይ የተነጠፈ፣ ቤቱ ቤት ላይ የተደገፈ። ከበላዩ ገደሉ አናት ላይ የገዳሙ ፍርስራሽ ይታያል። ወደዚያ የሚያወጣው ደረጃ 199 ነው። ካፒቴን ጀምስ ኩክ የባሕር ሥራ የተማረው በዚህች ከተማ ነው። ሞቅ ባለው ወራት በጎብኚ ትጥለቀለቃለች፤ እኛ የሄድነው ግን በጸደይ፣ ገና ነፋሱ ሳይለቅ ነው።

በመንገድ ላይ ጋሼ ምሳ ጋበዙኝ፤ ጾም ላይ ነኝ አልኳቸው። የእነሱ ፋሲካ ካለፈ ሳምንቱ ነበር፤ እኔ የዓቢይ ጾም እኩሌታ ላይ ነኝ። ዊትቢ ስንደርስ ወደ ገዳሙ እያመለከቱ አንድ ነገር አስተማሩኝ። እ.ኤ.አ. በ664 የፋሲካ ቀን እንዴት ይቆጠር ተብሎ ጉባኤ የተቀመጠው እዚያ ነው። ከአየርላንድ መነኮሳት የወረደው ልማድና የሮም ልማድ ተከራክረው የሮም ረታ። "ክርክሩ አላለቀም ማለት ነዋ" አሉኝ የእኔን ጾም አስበው። ያን ቀን እንዲህ ደስ ብሏቸው ነበር።

የሄድንበት ፐብ፣ መጠጥ ቤቱ፣ ወደቡ አፍ ላይ ነው። ስሙን ትቼዋለሁ። ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ አግዳሚው እንጨት በዘመን ብዛት የጠቆረ፣ ወለሉ ወደ አንድ በኩል ያዘነበለ አሮጌ ቤት ነው። በሩ ላይ ሁለት ደረጃ አለ። ባለቤቱ ሳንጠይቀው ጣውላ አምጥቶ ዊልቸሩን አብሮን ገፋ። አስተናጋጅ የለም፤ ባንኮኒው ጋ ሄደህ ታዛለህ፣ ከፍለህ ራስህ ይዘህ ትመጣለህ። ሰው ግን ጠጋ ጠጋ ብሎ ቦታ ይሰጣል፣ ከማያውቀው ሰው ጋር ስለ አየሩ ይጫወታል። የሰፈሬን ጠላ ቤት አስታወሰኝ።

ግድግዳው ሙሉ የድሮ ፎቶ ነው። ብዙዎቹ የከተማዋ ፎቶ አንሺ የፍራንክ ሜዶ ሰትክሊፍ ሥራዎች ናቸው። ጋሼ አንዱ ፎቶ ፊት አስቆሙኝ። ጺማም ሰው ነው፤ ደረቱ ላይ የቡሽ ቁርጥራጮች ታስረዋል። ሄንሪ ፍሪማን ይባላል። በፌብሩዋሪ 9 ቀን 1861 ከባድ ማዕበል ተነሳ። የዊትቢ የነፍስ አድን ጀልባ ደጋግማ እየወጣች የብዙ መርከብ ሰዎችን አተረፈች። በመጨረሻው ጉዞ ተገለበጠች። ቀዛፊዎቹ 13 ነበሩ፤ 12ቱ ሰጠሙ። ያን ጊዜ አዲስ የነበረውን የቡሽ ጃኬት ለብሶ የነበረው ፍሪማን ብቻውን ተረፈ። ጋሼ ይህን ሲናገሩ ትናንት የሆነ ይመስላል።

ከዚያ ሁለቱ የድሮ ባልደረቦቻቸው መጡ። አንዱ አቀፋቸው፤ አንዱ ማቀፍ ከበደውና ትከሻቸውን ይዞ ዝም ብሎ ቆመ። በመስኮቱ በኩል ጀልባዎቹ ይታያሉ። "ላቭ፣ ለእኔ ግማሽ" አሉ ጋሼ። ግማሽ ፓይንት 284 ሚሊ ሊትር ነው፤ ከአገራችን አንድ ጠርሙስ ቢራ ያንሳል።

ባንኮኒው ጋ ቆሜ ያሰብኩትን ሁሉ ዛሬም አስታውሳለሁ። ቆርቆሮው ማዶ ነው። በመስኮት አየሁ፤ ድልድዩ ተከፍቷል። የዊትቢ ድልድይ ጀልባ ሊያልፍ ሲል ሁለት ክንፉ ወደ ጎን ይዞራል፤ እስኪዘጋ መጠበቅ ነው። ይህ ግን ሰበብ ነው። ብጠብቅ አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። እውነቱን ልናገር፤ ያስቸገረኝ ሌላ ነው። እኚህ ሰው በጓደኞቻቸው ፊት ቢራቸው ላይ ዱቄት ሲነሰነስ፣ በማንኪያ ሲማሰልላቸው ታየኝ። እንደ ሕፃን። አፈርኩላቸው። አባቴ በጓደኞቹ ፊት እንዲህ ቢደረግበት ብዬ አሰብኩ። ደግሞ ሽማግሌ ለምኖ እምቢ አይባልም ተብዬ ነው ያደግኩት። አንድ ጉንጭ ምን ያመጣል አልኩና ቢራውን እንዳለ ወስጄ ሰጠኋቸው።

መጀመሪያ አንድ ጉንጭ ጠጡ፤ ምንም አልሆኑም። በሁለተኛው ሳል ጀመራቸው። ፊታቸው ቀላ፣ ከዚያ ጠቆረ። ጓደኛቸው ጀርባቸውን ሊመታ እጁን አነሳ፤ ያዝኩት። እስካሳላቸው ድረስ አየር አለ ማለት ነው፤ ሳሉ ራሱ ያወጣዋል፣ ማበረታታት ነው ያለብን። ወደ ፊት ዘንበል አደረግኳቸው። "ይሳሉ ጋሼ፣ በደንብ ይሳሉ" እላለሁ። አማርኛ እየተናገርኩ እንደነበር በኋላ ሌሎች ናቸው የነገሩኝ። ሳሉ ጋብ ሲል ድምፃቸው ተለውጧል፤ ጉሮሯቸው ውስጥ ውሃ የሚንቦጫረቅ ይመስላል። ያ ድምፅ ምን ማለት እንደሆነ ተምሬያለሁ። የድንገተኛ ጊዜ ስልክ 999 ደወልኩ። የአምቡላንስ ሠራተኞቹ በዚያ ጠባብ መንገድ ዕቃቸውን ተሸክመው በእግር መጡ። ፐቡ ጸጥ ብሏል። ግማሹ ቢራ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ነው።

በሦስተኛው ቀን ትኩሳት መጣ። የሳንባ ኢንፌክሽን ነበር። አንቲባዮቲክ ጀመሩ፤ ዘጠኝ ቀን አልጋ ላይ ቆዩ። እኔ እነዚያን ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው መናገር አልፈልግም። ዳኑ።

ሪፖርቱን የጻፍኩት በዚያው ምሽት ነው። ሳልቀንስ ጻፍኩ። ለልጃቸውም ተነገራት፤ እኔ ራሴ ስልክ ላይ ይቅርታ ጠየቅኳት። ማናጀሬ አልጮኸችብኝም። "የእንክብካቤ ዕቅዳቸውን ታውቂዋለሽ። ታዲያ ለምን?" ብላ ጠየቀችኝ። ይሉኝታ የሚለውን ቃል ለማስረዳት ሞከርኩ። በእንግሊዝኛ አንድ ቃል አጣሁለት። ሰው ምን ይላል ብሎ መፍራት ነው፤ ግን የሌላውን ሰው ክብር መጠበቅም አለበት አልኳት። ትንሽ አሰበችና "የእሳቸውን ክብር ስትጠብቂ እሳቸውን ጠይቀሻቸዋል?" አለችኝ።

አልጠየቅኳቸውም። ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ። እዚህ አገር እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ የአእምሮ ብቃት ሕግ አለ። አእምሮው የሚወስን ሰው ለሌላው ሞኝነት የሚመስል ውሳኔ እንኳ የመወሰን መብት አለው። ጋሼ አደጋው ተነግሯቸው "ገብቶኛል፣ እንደዚያም ሆኖ እጠጣለሁ" ማለት ይችሉ ነበር። ያኔ ከሐኪም፣ ከልጃቸውና ከእኛ ጋር ተመክሮበት ይጻፋል። ወይም "ዱቄቱን አምጪው" ሊሉ ይችሉ ነበር። እኔ ግን ሁለቱንም ነፈግኳቸው። ያከበርኳቸው መስሎኝ ዝም ብዬ ስለ እሳቸው ወሰንኩ።

ሲያገግሙ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ይህንኑ ነገርኳቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ስለ ወጣትነታቸው አወሩኝ። በእሳቸው ጊዜ ጀልባ ላይ የሕይወት ጃኬት መልበስ የሚያሳፍራቸው ልጆች ነበሩ። ሥራ ያደናቅፋል ይላሉ፤ እውነቱ ግን ፈሪ እንዳይባሉ ነው። አብሯቸው ያደገ አንድ ልጅ እንዲህ ሆኖ ባሕር ገብቶ ቀረ። "እኔ አላፍርም ነበር" አሉኝ። "ብትጠይቂኝ ኖሮ እነግርሽ ነበር።"

የመዋጥ ችግር የምታክም ባለሙያ መጣች። ቢራ መወፈር ይችላል ወይ ብለን ጠየቅናት። ይችላል አለች። በመጀመሪያ አረፋው እስኪጠፋ ቀስ ብሎ ማማሰል፣ ከዚያ ዱቄቱን ለክቶ መጨመር፣ ከዚያ እስኪይዝ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ። ከበርሜል በእጅ ፓምፕ የሚሳበው የፐብ ቢራ ጋዙ ትንሽ ስለሆነ ከጠርሙሱ ይቀላል። ጋሼ ኬር ሆም ውስጥ በእሷ ፊት ሞከሩት። ፊታቸውን ቋጠር አድርገው "ጣዕሙ አለ" አሉ።

ከሦስት ወር በኋላ ተመለስን። በዚህ ጊዜ ቦርሳው ትከሻዬ ላይ ነው። ያው ጠረጴዛ፣ ያው መስኮት፣ እነዚያው ሁለት ሽማግሌዎች። ቢራውን አመጣሁና ቆርቆሮውን አወጣሁ። "እኔ ላድርገው ወይስ እርስዎ?" አልኳቸው። ማንኪያውን በደህናው እጃቸው ተቀበሉኝ። ራሳቸው ለኩ፣ ራሳቸው አማሰሉ፣ ለምን እንደሚያደርጉት ለጓደኞቻቸው አስረዱ። ስለ ጉሮሮ፣ ስለ ሳንባ፣ ስለ ደረጃ 2። ማንም አልሳቀም። ያቺን ግማሽ ፓይንት ለመጨረስ አርባ ደቂቃ ፈጀባቸው፤ አንድ ጊዜም አልሳላቸውም።

ልንወጣ ስንል ያ ማቀፍ የከበደው ሽማግሌ ወደ ባንኮኒው ተከተለኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከብርዱ ወራት ጀምሮ ውሃ ሲጠጣ እንደሚያስለው ነገረኝ። ለሚስቱም አልተናገረም። ለሐኪሙ ምን ብሎ መናገር እንዳለበት ጠየቀኝ። ከባንኮኒው ላይ የቢራ ማስቀመጫ ካርቶን አንስቼ ጀርባው ላይ ጻፍኩለት። አንብቦ ኪሱ ከተተው።