የታደሰ ሎኮሞቲቭ ብልሽት የሚደበቀው አሮጌው ሽቦ ከአዲሱ በሚገናኝበት ቦታ ነው

ይህን የምጽፈው በአሜሪካ በባቡር ጥገና ሥራ ለሚሰማሩ ወገኖቼ ነው፤ እኔ ሥራውን ስጀምር የታደሰ ሎኮሞቲቭ ምን ዓይነት ጠባይ እንዳለው የነገረኝ ሰው አልነበረምና። የምሠራው ጠዋት ሠራተኛውን ወደ ከተማ አስገብተው ማታ የሚመልሱ ባቡሮች በሚጠገኑበት ጋራዥ ሲሆን፣ ሙያዬ ኤሌክትሪክ ነው። የመሥሪያ ቤቱንም ሆነ እድሳቱን ያካሄደውን ተቋራጭ ስም አልጠቅስም።

ሎኮሞቲቮቹ ኤፍ 40 ፒኤች የሚባሉት የጄኔራል ሞተርስ ሥሪቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ መጀመሪያ ለአምትራክ (ለአሜሪካ ብሔራዊ የመንገደኞች ባቡር ድርጅት) የተሠሩ፣ 3,000 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ጠንካራ ማሽኖች ሲሆኑ፣ በቺካጎና በቦስተን የተሰማሩትም በየጊዜው እየታደሱ ቆይተዋል። በመጀመሪያው አሠራር ለፉርጎዎቹ መብራትና ማሞቂያ የሚሆነውን 480 ቮልት የሚያመነጨው ራሱ ዋናው ሞተር ስለነበረ፣ ባቡሩ ጣቢያ ላይ ቆሞ እንኳ ሞተሩ በደቂቃ ወደ 900 በሚጠጋ ዙር መጮህ ነበረበት። እድሳቱ ለዚህ ሥራ የተለየ አነስተኛ ሞተር በመጨመሩ ነዳጅም ጩኸትም ቀንሷል፤ ይህን ጥቅም አልክድም።

ርክክቡ ራሱ አላስቸገረም። ሰነዶቹን ማገላበጥ፣ ፍሬኑን መፈተሽ፣ የፌዴራሉ ደንብ በየዕለቱና በየ92 ቀኑ የሚያዘውን ምርመራ ማስጀመር፣ ነጂው የቁም ምልክት እንዳያልፍ ባቡሩን በራሱ የሚያቆመውን የደኅንነት ሥርዓት መሞከር፣ ይህ ሁሉ በዝርዝሩ መሠረት ተከናውኖ የሚያልቅ ነው።

ስለ ጋቢናው ግን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በአሮጌው ጋቢና የኃይል መስጫው እጀታ በነጂው ግራ በቆመው ሳጥን ላይ ነበር፤ ከአንዱ የኃይል ደረጃ ወደ ሌላው ሲሻገር ቀጭ ብሎ ስለሚይዝ፣ ነጂው ዓይኑን ከሐዲዱ ሳያነሣ ስንተኛው ደረጃ ላይ እንዳለ በእጁ ያውቃል። እኛ የተረከብነው ጠረጴዛ መሰል መቆጣጠሪያ እጀታው ልል ነው፤ ደረጃውን የሚያሳየው ስክሪን ነው፤ ስክሪኑ ደግሞ የማታ ፀሐይ ፊት ለፊት ሲመታው አይነበብም። ነጂዎቹ ይህን ገና በርክክቡ ጊዜ ተናግረው ነበር፤ ያገኙት መልስ «ትለምዱታላችሁ» የሚል ነው። እኔ አልስማማም። ነጂው ሐዲዱን እንዲያይ ከተፈለገ፣ ደረጃውን እጁ ሊያውቅለት ይገባል።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ከሎኮሞቲቮቹ አንዱ ባቡሩን ከኋላ ሆኖ ሲገፋ፣ ማለትም ነጂው ፊት ባለው ፉርጎ ጋቢና ተቀምጦ ትእዛዙን በፉርጎዎቹ ውስጥ በሚያልፈው ባለ 27 ሽቦ ገመድ ሲልክ፣ ድንገት ጉልበቱን ይጥላል፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ራሱ ይመለሳል። በእድሳቱ የተገጠመው ኮምፒውተር የሚመዘግበው የደረጃ ትእዛዙ የተሳሳተ መሆኑን ብቻ ነው። የጥገና መመሪያው ይህ ሲታይ የኮምፒውተሩን መቀበያ ካርድ፣ ማለትም ትእዛዙን የሚቀበለውን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ ቀይሩ ይላል። ካርዱ ተቀየረ፤ ችግሩ ቀጠለ። ተቋራጩ ሌላ ካርድ ላከ፤ አሁንም ቀጠለ።

ዋስትናው ስላላለቀ፣ ከተቋራጩ ሰው በቀር ማንም ሽቦውን እንዳይነካ ታዝዘን ነበር። እርሱ የሚመጣው ሎኮሞቲቩ ጋራዥ ውስጥ ቆሞ፣ ሞተሩም በዝቅተኛ ዙር እየሠራ ሳለ ነው። ቴስተሩን ያስቀምጣል፣ ትክክለኛውን 74 ቮልት ያነባል፣ «ችግር አልተገኘም» ብሎ ይፈርማል። አለቆቻችን ያንን ፊርማ ይዘው ሎኮሞቲቩን ለማታው ጉዞ ይለቁታል። ቅሬታ ባቀረብኩ ቁጥር የሚታየኝ ያው ወረቀት ነበር። ደክሞት ወደ ቤቱ የሚመለስ ተሳፋሪ በጨለማ መንገድ ላይ ሲቆም፣ ያ ወረቀት ምን ይፈይድለታል? አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ፍንጩ የተገኘው ከአንዲት አንጋፋ ነጂ ነው። «በሁለተኛው ደረጃ አንድም ቀን አድርጎብኝ አያውቅም፤ በአራተኛው ላይ ሲያደርግ ግን የሞተሩ ድምፅ ልክ ወደ ሁለተኛው ይወርዳል» አለችኝ። የዚህን ንግግር ክብደት ለመረዳት ትእዛዙ የሚተላለፍበትን መንገድ ማወቅ ያሻል። ደረጃዎቹ የሚላኩት ኤ፣ ቢ፣ ሲ እና ዲ በሚባሉ አራት ሽቦዎች ጥምረት ነው። ሁለተኛው ደረጃ ኤ ብቻ፣ ሦስተኛው ሲ ብቻ፣ አራተኛው ኤ እና ሲ፣ አምስተኛው ቢ፣ ሲ እና ዲ፣ ስምንተኛው ኤ፣ ቢ እና ሲ ነው። ከአራተኛው ላይ ሲ ቢጠፋ ኤ ብቻ ይቀራል፤ ይህም ሁለተኛው ደረጃ ነው። ከአምስተኛው ላይ ቢጠፋ የሚቀሩት ቢ እና ዲ የየትኛውም ደረጃ ጥምረት ስላልሆኑ ኮምፒውተሩ ጉልበቱን ይቆርጣል። ከሦስተኛው ጀምሮ ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ሲን ይፈልጋሉ፤ ሁለተኛው አይፈልግም። ብልሽቱ እንግዲህ በባለ 27ቱ መሰኪያ 7ኛው ቦታ ላይ ባለው ሽቦ መስመር ላይ ነበር፤ ፉርጎዎቹን ቀያይረን ብልሽቱ ሎኮሞቲቩን ስለተከተለ ደግሞ ፍለጋው ከኋላው መሰኪያ እስከ ኤሌክትሪክ ካቢኔቱ ባለው መንገድ ተወሰነ።

ተቋራጩ በሰጠን ሥዕል ላይ ይህ መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ አዲስ ገመድ ነው። ከብዙ ደብዳቤ በኋላ የእርሱ ሰው ባለበት እንድከፍት ተፈቀደልኝ። ከካቢኔቱ ሥር ያለውን ክዳን በካቻቪቴ ፈትቼ ስመለከት፣ ከኋላ የሚመጣው ገመድ ያው የ1980ዎቹ ነው፤ ከአዲሱ ጋር የተገናኘው በሥዕሉ ላይ በሌለ የተርሚናል መደዳ፣ ማለትም የሽቦ ጫፎች ተሰልፈው በሚታሰሩበት ማገናኛ፣ ነው። ጄኔሬተሩ ኃይል እንዳይሰጥ ዘግተን፣ ከፊተኛው ጋቢና እስከ ስምንተኛው ደረጃ ትእዛዝ እንዲላክ አደረግሁና በሲ ሽቦ ላይ የሙከራ አምፖል አገናኘሁ። ሞተሩ ሲበረታና ወለሉ ሲንቀጠቀጥ አምፖሉ ይርገበገብ ጀመር። ሞተሩን አጥፍተን፣ ኤሌክትሪኩን ቆርጠን፣ ሰው እየሠራ ነውና አታንቀሳቅሱ የሚለውን ሰማያዊውን የሥራ ምልክት ከተከልን በኋላ ሽቦውን በፒንሳ ይዤ በቀስታ ስስበው ከካፖኮርዳው (የሽቦውን ጫፍ ጨብጦ ከሚይዘው ብረት) ውስጥ ወጥቶ ቀረ። ጭቃ ውስጥ እንደተረሳ ሳንቲም የጠቆረ መዳብ ነው፤ ካፖኮርዳው በግማሽ የጨበጠው ደግሞ መዳቡን ሳይሆን የፕላስቲክ ልባሱን ነበር።

ቴስተሩ ለምን 74 ቮልት አነበበ? ቴስተር የሚስበው ጅረት እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ የላላ ወይም የዛገ መገናኛም ሙሉውን ቮልት ያሳልፍለታል፤ አምፖል ግን እውነተኛ ጅረት ስለሚጠይቅ ያጋልጠዋል። በቀድሞው አሠራር በዚህ ሽቦ የሚንቀሳቀሰው የሞተሩ መቆጣጠሪያ ጠምዛዛ ሽቦ ሲሆን፣ የሚስበው ጅረት የዝገቱን ስስ ሽፋን ሰብሮ ለማለፍ ይበቃው ነበር። የኮምፒውተሩ መቀበያ የሚስበው የዚያን ጥቂቱን ብቻ ስለሆነ፣ ወለሉ ሲንቀጠቀጥና መገናኛው ሲላላ ሽፋኑን ሰብሮ ማለፍ አይችልም። አሮጌ ሽቦ ከአሮጌ ዕቃ ጋር ለዓመታት ሠርቶ ከአዲስ ዕቃ ጋር ሲገናኝ የሚያስቸግረው አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ይህን የሚያስረዳ አንድ መስመር እንኳ በመመሪያው ውስጥ አላገኘሁም።

ስለዚህ መመሪያው ካርድ ቀይሩ ቢልም፣ አትቀይሩ፤ መጀመሪያ ነጂውን በስንተኛው ደረጃ እንደሆነ ጠይቁ፣ ቀጥሎ ሽቦውን በአምፖል ፈትሹ። የሌሎቹንም ክዳን ከፍተን ስናይ በአንዳንዶቹ ላይ ተመሳሳይ አሠራር ስላገኘን የሽቦ ጫፎቹን ሁሉ ቆርጠን እንደ አዲስ ሠርተናል፤ ያ ሎኮሞቲቭም ከዚያ ወዲህ ጉልበቱን ጥሎ አያውቅም፤ በዚህ ሥራዬ እኮራለሁ። ሥዕሉ ይታረም ብዬ ያቀረብኩት ጥያቄ ግን መልስ አላገኘም፤ በእጄ ያረምኩትን በየካቢኔቱ በር ውስጥ ለጥፌዋለሁ። እናንተ ስትረከቡ፣ ከሽቦው ጋር የተመሳከረ ሥዕል ሳትይዙና ሎኮሞቲቩ ሙሉ ባቡር ከኋላ ሲገፋ በሁሉም ደረጃ ሳታዩት አትፈርሙ፤ ጊዜ የለም ከተባላችሁም ይህንኑ በጽሑፍ ስጡን በሉ።