ከኖርፎክ አናፖሊስ፦ ሥራው ያለው ማቆሙ ላይ ነው

ከቨርጂኒያዋ ኖርፎክ ተነስተን፣ የቼሳፒክን ባሕረ ሰላጤ ሽቅብ ይዘን፣ የሜሪላንዷ አናፖሊስ በሸራ ጀልባ ገባን። ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ደስ ብሎኛል፣ አልደብቅም። ስለ መንገዱ ትንሽ ብዬ ወደ መጨረሻዎቹ አሥር ሜትሮች ልለፍ።

ሸራ መዘርጋት፣ ነፋስ ማንበብ፣ ካርታ ማየት በልምድ ይመጣል። ዴልታቪል አደርን፣ ሶሎመንስ አደርን። ቼሳፒክ ሰፊ ቢሆንም ጥልቀቱ በአማካይ 6 ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ ዓይን ከጥልቀት መለኪያው አይነቀልም። የሸርጣን አጥማጆች ገመድም ፕሮፔለር ላይ እንዳይጠመጠም መጠንቀቅ ነው። ከዚያ የቶማስ ፖይንት መብራት ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1875 የተሠራ፣ በብረት እግሮች ውሃው ላይ የቆመ ባለ ስድስት ማዕዘን ቤት ነው። ሰው ሁሉ “ደረስን” ብሎ ስልኩን ያወጣል። የእኔ ሆድ መረበሽ የሚጀምረው ያኔ ነው።

ጀልባ እንደ መኪና ፍሬን የላትም። መሪው የሚታዘዘው ውሃ ሲፈስበት ብቻ ነው፤ ፍጥነት ሲቀንስ እሱም ይሰንፋል። ያኔ ነፋሱ መጀመሪያ አፍንጫዋን ይገፋል። ወደ ኋላ ማርሽ ሲገባ ደግሞ እንደኛዋ ባለ ቀኝ ዘዋሪ ፕሮፔለር ጀልባ ላይ ጀርባዋ ወደ ግራ ይጎተታል። ይሄ ብዙዎችን ያበሳጫል፤ እኔ ግን ወድጄዋለሁ። በግራ ጎን ከተጠጋችሁ ያው መጎተት ራሱ ጀርባዋን ያስጠጋላችኋል። ምርጫ ካለኝ ሁሌም በግራ ነው የምገባው። በቀኝ የምሞክረው ነፋስ ከሌለ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ገመዱ። ከጀልባዋ ወገብ የሚወጣው፣ ስፕሪንግ የምንለው፣ መጀመሪያ መታሰር ያለበት እሱ ነው። ከወገቧ ወደ ኋላ ባለው የመጠጊያው ማሰሪያ ብረት ላይ ይጠለቃል። ከዚያ ወደ ፊት ማርሽ፣ ሞተሩ በዝግታ፣ መሪው ከመጠጊያው በተቃራኒ። ገመዱ ይወጠርና ጀልባዋ ጎኗን ትለጠፋለች። ሞተሩ እንደዚያው ይሥራ፤ ሌሎቹን ገመዶች ሻይ እየጠጣችሁም ብታስሩ ይሆናል።

አሁንም ብዙ ቦታ የማየው ግን ሌላ ነው። አንድ ጎረምሳ ገመድ ይዞ ፊት ይቆማል፣ ይዘላል፣ አፍንጫዋን ያስራል። አፍንጫዋ ስትያዝ ጀርባዋ ዞሮ ይሄዳል። ከዚያ ጩኸት ነው። ቶን የምትመዝን ጀልባ በእግር ልግፋ የሚልም አይጠፋም። ይሄ ሞኝነት ነው፣ እግር ይሰብራል። ሐበሾች ስንሆን ደግሞ ሁላችንም ካፒቴን ነን። ስለዚህ ከወደቡ ውጭ ቆመን ፌንደሮቹን፣ ጎኗ እንዳይፋተግ የሚከላከሉትን ትራሶች፣ እንሰቅላለን፣ ማን ምን እንደሚይዝ እንነጋገራለን። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ብቻ ይናገራል። ያ ሰው እኔ ሳልሆን ስቀር ይከብደኛል፣ እሱን እየተማርኩ ነው።

አናፖሊስ ኢጎ አሊ፣ የጉራ መንገድ እንደማለት፣ የሚሉት ጠባብ የጀልባ መግቢያ አለ፤ ቅዳሜና እሁድ ሰው አይስክሬም እየበላ የእናንተን አገባብ ይመለከታል። በሥራ ቀን ግቡ። ጫፉ ላይ የኩንታ ኪንቴና የአሌክስ ሄሊ መታሰቢያ አለ፤ ሄሊ “ሩትስ” የተባለውን መጽሐፍ የጻፈው ነው፣ ኩንታ ኪንቴ ደግሞ በመጽሐፉ ውስጥ በባርነት ተሽጦ የመጣው አፍሪካዊ አያቱ። እ.ኤ.አ. በ1767 ሎርድ ሊጎኒየር የተባለች መርከብ በባርነት የተያዙ አፍሪካውያንን ጭና የገባችው በዚህ ወደብ ነው። ገመዱን ካሰራችሁ በኋላ ሳታዩት አትሂዱ።

ሲነፍስ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ኢጎ አሊን አልሞክረውም። ከባሕር ኃይል አካዳሚው ፊት ለፊት ካሉት ተንሳፋፊ ማሰሪያዎች በአንዱ አስሬ በትንሿ ጀልባ እወርዳለሁ። በምሰሶዎች መካከል ጀርባ አስቀድሞ መግባትም ገና አልሆነልኝም። ነፋሱ ከጎን ሲሆን እናንተ እንዴት እንደምታደርጉ ጻፉልኝ። አፍንጫዋን በጎን የሚገፋ ሞተር ግዛ እንዳትሉኝ ብቻ፤ ዋጋውን አይቼዋለሁ።