አቼቶው የት ሄደ?

ሱፐርማርኬት ውስጥ መደርደሪያ የሚሞላ ሰው ቀኑን ሙሉ አብዝቶ የሚሰማው ጥያቄ ስለ ዋጋ አይደለም። “ይቅርታ፣ እርሾ የት ነው ያለው?” የሚል ነው። ወይ ማር። ወይ ዘቢብ። ዘቢብ የምር አስቸጋሪ ነው። አንዱ ከኦቾሎኒ ጋር ይፈልገዋል፣ ሌላው ከዱቄትና ከስኳር ጋር፣ ሌላው ከደረቁ ፍራፍሬዎች ጋር። ሦስቱም ትክክል ናቸው። ሱቁ ግን አንዱን ቦታ ብቻ ይመርጥና ሁለቱ ሰዎች ሲዞሩ ይውላሉ።

ብዙ ደንበኛ አደራደሩ በዘፈቀደ የሆነ ይመስለዋል። አይደለም። እያንዳንዱ ዕቃ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንደሚቀመጥና ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ የሚያሳይ ሥዕል አለ። ፕላኖግራም ይባላል፤ እኛ በአጭሩ “ፕላኑ” እንለዋለን። ከዋና መሥሪያ ቤት ተዘጋጅቶ ይመጣል፣ እኛ ሥዕሉን እያየን እንደረድራለን።

ፕላኑ ምክንያት አለው። ወተትን ውሰዱ። ለምን ብዙ ጊዜ ሱቁ መጨረሻ ላይ ይሆናል? ደንበኛው ለወተት ብሎ ሱቁን በሙሉ እንዲያቋርጥና መንገድ ላይ ሌላም ነገር እንዲያነሣ ነው ይባላል። ይህ ሐሰት አይደለም። ግን ዕቃ የሚያራግፈው መኪና የሚቆመው በኋላ በር ነው፣ ቀዝቃዛው ክፍልም ያለው እዚያው ነው። ወተቱ ሳይሞቅ ከመኪና ወደ ማቀዝቀዣ መግባት አለበት። ብዙ ቦታ ማቀዝቀዣው የሚሞላው ከጀርባው ነው፤ አዲሱ ከኋላ ሲገባ የመጠቀሚያ ቀኑ የቀረበው ወደ ፊት ይገፋል። ከባድ ዕቃ ደግሞ ታች የሚሆነው ቢወድቅ ሰው እንዳይጎዳ ነው። በዓይን ትይዩ ያለው መደርደሪያ በጣም ይፈለጋል፤ ለጥሩ ቦታ ብለው ለሱቆች ገንዘብ የሚከፍሉ አቅራቢዎች አሉ። የረድፉ ጫፍ ላይ ተከምሮ የምታዩት ዕቃም የግድ ቅናሽ አለው ማለት አይደለም። እንዲታይ ተፈልጎ ነው።

እንቁላልም የራሱ ታሪክ አለው። አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የሚቀርብ እንቁላል ታጥቦ ስለሚወጣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ደግሞ በአብዛኛው ስለማይታጠብ ተራ መደርደሪያ ላይ ታገኙታላችሁ። ከአንዱ ወደ ሌላው የሄደ ሰው እንቁላል ፍለጋ ሱቁን ሁለት ጊዜ ቢዞር አይፈረድበትም።

እንግዲህ ምክንያት አይጠፋም። ያስቸገረን ምክንያቱን ሱቁ ብቻ ማወቁ ነው።

አንድ ጊዜ አዲስ ፕላን መጣ። ነጩ አቼቶ ከዘይት አጠገብ ተነሥቶ ወደ ጽዳት ዕቃዎች ረድፍ ይሂድ ይላል። ሐሳቡ ከመሬት የተነሣ አልነበረም። ብዙ ሰው ነጭ አቼቶ የሚገዛው ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ለማስለቀቅና መስታወት ለመወልወል ነው። ቀዩ አቼቶ ዘይቱ ጋር ቀረ። የነጩ አዲስ ጎረቤት ግን በረኪና ሆነ። ሁለቱም ነጭ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ሁለቱም ባለ አንድ ሊትር፣ ሁለቱም ሰማያዊ ክዳን። ዕቃውን ስናዛውር ካሸሯ ባልደረባችን በአጠገባችን አልፋ “ይሄ ነገር አላማረኝም” አለች። ፕላን ነውና ደረደርነው።

ከደንበኞቻችን መካከል አንዲት እናት አሉ። ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። ዓይናቸው ደክሟል፣ ጥቃቅን ጽሑፍ አያነቡም። ሱቁን የሚያውቁት በእግራቸውና በእጃቸው ነው። ከበሩ ገብተው ወደ ቀኝ፣ ከዚያ በጋሪያቸው የረድፎቹን ጫፍ እየቆጠሩ፣ ወገባቸው ላይ ባለው መደርደሪያ ዘይት፣ ከዘይቱ ቀጥሎ አቼቶ። ማንንም ሳይጠይቁ ገዝተው ይወጣሉ። በዚህም ደስ ይላቸዋል።

የዚያን ቀን ግን ዘይቱ ጋ ቆመው ቀሩ።

“ልጄ፣ አቼቶው የት ሄደ?” ሲሉ አንድ ባልደረባችን አዲሱን ቦታ ነገራቸው። “እኔ ላምጣልዎት” ቢል እምቢ አሉት። “አትድከም፣ ቦታውን ከነገርከኝ ራሴ አነሣዋለሁ።”

እኔ ካሸሯ አጠገብ ሆኜ ዕቃ በከረጢት እከት ነበር። እማማ ሰላጣ፣ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ከዚያ ነጩን ጠርሙስ አወጡ። ማንበቢያው ጢጥ አለ።

“እማማ፣ ዛሬ የልብስ ቀን ነው እንዴ?” አለቻቸው።

“የምን ልብስ? የልጅ ልጆቼ ይመጣሉ፣ ሰላጣ ልሠራ ነው እንጂ።”

እጇ ጠርሙሱ ላይ እንዳለ ቀረ። ስክሪኑን አየች፣ ጠርሙሱን አየች፣ እኔን አየችኝ። ስክሪኑ ላይ “በረኪና” ይላል። ድምፅዋን ሳትለውጥ፣ ሌላው ተሰላፊ ሳይሰማ፣ “እማማ፣ ይሄ በረኪና ነው። አቼቶው አሁን ይመጣልዎታል” አለቻቸው። እሳቸው ጠርሙሱን ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

“ክዳኑ አንድ ነው” አሉ።

አልተቆጡም። እኔ ብሆን እቆጣ ነበር።

ሽታው ያስታውቃቸው ነበር የሚል ይኖራል። ሊሆን ይችላል። ግን የሰው ቤት ልጆች በሚበሉት ሰላጣ ላይ “ሊሆን ይችላል” ብሎ መተው አይቻልም። ሌላም ነገር አለ። አቼቶና በረኪና ሲደባለቁ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ሳንባ የሚጎዳ መርዝ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ስናስቀምጥ፣ ጽዳት ለሚያስብ ሰው “አብረው ይሠራሉ” ያልን ያህል ነው። አንዱ ጠርሙስ ቢያፈስስ ደግሞ ጣጣው ለእኛው ነው።

ጉዳዩን ለሥራ አስኪያጃችን ነገርነው። ደግ ሰው ነው፤ የመጀመሪያ መልሱ ግን “ፕላኑን እኔ መቀየር አልችልም” ነበር። ካሸሯ አልተከራከረችም። መሳቢያዋን ከፍታ አንድ የተጨማደደ ደብተር አወጣች። ደንበኞች ገንዘብ ሲከፍሉ “አጥቼው ተውኩት” ያሏትን ዕቃ ሁሉ ስትጽፍ ኖራለች። ማንም አላዘዛትም። እርሾ። ማር። ዘቢብ። የኮኮናት ወተት። እንደገና እርሾ። አዲሱ ፕላን ከመጣ በኋላ ያሉት ገጾች ላይ ደግሞ አቼቶ፣ አቼቶ፣ አቼቶ።

ሥራ አስኪያጁ እዚያው ቆሞ ገጽ በገጽ አነበበው። የሽያጭ ሪፖርት የተሸጠውን ይነግረዋል። ሰው ፈልጎ አጥቶት የሄደውን ግን የሚነግረው ሪፖርት ኖሮት አያውቅም፤ ያ መረጃ የነበረው መሳቢያ ውስጥ ነው። ገጾቹን ፎቶ አንሥቶ ከእማማ ታሪክ ጋር ወደ ዋና መሥሪያ ቤት ላከ።

መልስ እስኪመጣ አልጠበቀም። በረኪናውን በዚያው ዕለት ወደ ረድፉ ሌላኛው ጫፍ አዛወርነው። በኋላ ፈቃዱ ሲመጣ አቼቶው ወደ ዘይቱ ተመለሰ። ዘቢብ ሁለት ቦታ ተቀመጠ። ደረቁ እርሾ ከዱቄት ጋር፣ እርጥቡ ማቀዝቀዣ ውስጥ እንዳለ ሆኖ፣ ሁለቱም ጋ ሌላው የት እንዳለ የሚናገር ትንሽ ወረቀት ለጠፍን። ሁሉም ጥያቄ ግን እሺ አልተባለም። ወተቱ እዚያው ኋላ ነው። ለሚጠይቀን ሰው ስለ ቀዝቃዛው ክፍል ስንነግረው አብዛኛው ይስማማል። ሰው ምክንያት ሲሰማ ይታገሣል።

ከዚያ በኋላ የዚህን ሥራ ታሪክ ማንበብ ጀመርኩ። ድሮ ደንበኛ ባንኮኒው ጋ ቆሞ የሚፈልገውን ይናገራል፣ ሻጩ ከመደርደሪያ አውርዶ ይሰጠዋል። ዕቃው የት እንዳለ ማወቅ የሻጩ ሥራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1916 ክላረንስ ሳውንደርስ የተባለ ነጋዴ አሜሪካ ሜምፊስ ከተማ ውስጥ ፒግሊ ዊግሊ የሚባል ሱቅ ከፈተ። ደንበኛው ራሱ ቅርጫት ይዞ ይገባል፣ በተዘጋጀለት መንገድ በመደርደሪያዎቹ ሁሉ ፊት አልፎ፣ መውጫው ላይ ይከፍላል። በ1917 አሠራሩን በፓተንት አስመዘገበ። ዛሬ ሱፐርማርኬት ውስጥ የምንገዛው በዚህ መልክ ነው።

እኔን ያሳሰበኝ እዚህ ጋ ነው። የሻጩን ሥራ ለገዢው አሸጋገርን፤ የሻጩን እውቀት ግን አብረን አልሰጠነውም። እማማ ያንን እውቀት በብዙ ምልልስ ለራሳቸው ገንብተው ነበር። እኛ አንድ ሌሊት ገብተን አፈረስንባቸው። ደንበኛ ብዙ እንዲዞርና ብዙ እንዲገዛ ተብሎ ዕቃ የሚያቀያይሩ ሱቆች እንዳሉ አውቃለሁ። ጤነኛ ጉልበት ያለው ሰው ይዞራል፣ ይነጫነጫል፣ ያልፋል። ዓይኑ የደከመ፣ ጉልበቱ የሚያመው፣ ሕፃን ያዘለች እናት ግን ዋጋውን በአካላቸው ይከፍላሉ። ይህ ነውር ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን አዲስ ፕላን ሲመጣ ከመደርደራችን በፊት ካሸሯ ጋ ይሄዳል። እስክሪብቶ ይዛ ታነበዋለች። በመጨረሻው ፕላን ላይ አንድ ነገር ከብባ መለሰችልን። ከረሜላ የሚመስሉ ባለ ቀለም የልብስ ሳሙና እንክብሎች ከታች፣ ሕፃን እጁ በሚደርስበት መደርደሪያ ላይ ተመድበዋል። ሥራ አስኪያጁ ላይኛው ላይ እንድናወጣቸው ፈቅዶ ለዋና መሥሪያ ቤት ጽፏል። መልሱን እየጠበቅን ነው።