ዋባሻ ሚኒሶታ፦ በብርድ የሚኬድባት የንስር ከተማ

ዋባሻ የሚኬደው በብርድ ነው፣ ይሄን አስቀድሜ ልናገር ምክንያቱም ብዙ ሰው ሰመር ላይ ይሄድና ንስር አላየንም ብሎ ይመለሳል። እኛ የሄድነው ፌብሯሪ መጨረሻ ላይ ነው፣ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ልጆቹና ከሐዋሳ ሊጠይቁን የመጡት የባለቤቴ እናት፣ ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው።

ከሴንት ፖል አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው፣ ሃይዌይ 61ን ይዞ ሚሲሲፒን እየተከተሉ መውረድ ብቻ። መንገድ ላይ ሬድ ዊንግ አለች፣ የቡትስ ጫማው ከተማ፣ ሱቁ ውስጥ ቁጥሩ 638 ተኩል የሆነ፣ ቁመቱ አምስት ሜትር የሚጠጋ ጫማ አቁመዋል። ልጆቹ ፎቶ ተነሱ፣ እማማ "ኧረ ይሄን የሚያጠልቀው ማነው?" አሉ፣ ቡናችንን ይዘን ወጣን።

ከዛ ሌክ ፔፒን ይመጣል። ወንዙ እዛ ጋ ሰፍቶ ሀይቅ ይሆናል፣ ስናልፍ ከዳር እስከ ዳር በረዶ ነው፣ ሰዎች በላዩ ላይ ትንንሽ ቤት አቁመው በረዶውን በስተው ዓሣ ያጠምዳሉ፣ እማማ ሰው ሀይቅ ላይ ሲራመድ አይተው አማተቡ። ትንሽ ወረድ ብሎ ዋባሻ ጋ ግን ውሃው ክፍት ነው! ከዊስከንሰን በኩል ቺፕዋ የሚባል ወንዝ እዛው አካባቢ ስለሚገባ ፍሰቱ ይበረታል፣ በረዶ አይይዘውም። ሌላው ቦታ ሲዘጋ ንስሮቹ ዓሣ የሚያገኙት እዚህ ነው፣ ለዛ ነው በብርድ የሚሰበሰቡት።

ወንዙ ዳር ናሽናል ኢግል ሴንተር አለ። ውስጥ የሚኖሩት ንስሮች ከጉዳት ተርፈው ግን ተመልሰው ጫካ መኖር የማይችሉት ናቸው። ደስ ያለኝ በሰውና በወፏ መሃል መስታወትም ሽቦም አለመኖሩ ነው፣ እግሯ በጠፍር ታስሮ ፊት ለፊታችሁ ቆማ በዛ ፈዛዛ ቢጫ ዓይኗ ታፈጣለች። የምታስረዳው ሴትዮ የንስሯን መዳፍ አሳየችን፣ ዓሣው እንዳያሙለጨልጫት ውስጡ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሻካራ ነው። የንስሯ ድምፅ ግን ቀጭን ነው፣ ፊልም ላይ የምንሰማው የሚያስፈራ ጩኸት ለካ የሌላ ወፍ ነው። ምሳዋ አይጥ ነበር። እማማ ሁዳዴ ላይ ናቸው፣ "በጾም ቀን ይሄን ታሳዩኛላችሁ?" ብለው በነጠላቸው ተሸፈኑ፣ በነጠላው ስር ሲያዩ እንደነበር ልጄ አጋልጣቸዋለች።

እማማን የገረማቸው ግን ሌላ ነው፣ "ይሄማ የኛው የሐዋሳው ነው" አሉ። እውነትም ይመሳሰላሉ፣ የኛ ዓሣ በል ንስር ነጩ እስከ ደረቱ ይወርዳል፣ የአሜሪካው አንገቱ ላይ ያበቃል፣ መጠኑም ተለቅ ይላል።

ይቺ የአሜሪካዋ ንስር ልትጠፋ ደርሳ ነበር፣ ዲዲቲ የሚባለው የተባይ መድኃኒት የእንቁላሏን ቅርፊት እያሳሳ ስትታቀፈው ይሰበር ነበር፣ 1972 ላይ ተከለከለና 2007 ላይ ከአደጋ ዝርዝር ወጣች። ደግሞ ይገርማችኋል፣ ያ ሁሉ ሳንቲምና ፓስፖርት ላይ ያለችው ንስር በሕግ ብሔራዊ ወፍ የሆነችው ገና ዲሴምበር 2024 ነው፣ ለዛም ሲወተውቱ የነበሩት የዚሁ ሴንተር ሰዎች ናቸው።

ለኔ ዋናው ግን የሴንተሩ በረንዳ ነው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ግን ማዶ ያሉት ዛፎች ቅጠል ስለሌላቸው ጥቁር ጥቁር የሚለው ሁሉ ንስር ነው፣ መቁጠር ጀምረን ተውነው። አንዱ ወርዶ ውሃውን ሳይነካ የሚመስል ዓሣ ላፍ አድርጎ ተነሳ፣ ሌላው ሊነጥቀው ተከተለው፣ ዓሣው ወደቀና ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ቀሩ፣ ልጆቹ እስካሁን ያወሩታል።

ምግብ ለጾመኛ እዛ አይታሰብም፣ እኛ ምስር ወጥና እንጀራ ይዘን መኪና ውስጥ በላን፣ ሽታው አሁንም አለቀቀም።

ልጆቹን ከጠየቃችሁ ደግሞ ንስሩ ሁለተኛ ነው። ትንሽ አለፍ ብሎ ኬሎግ የምትባል መንደር ውስጥ ላርክ ቶይስ የሚባል ትልቅ የመጫወቻ ሱቅ አለ፣ ውስጡ የድሮ መጫወቻዎች ሙዚየም አለ፣ በእጅ ከእንጨት የተቀረጹ እንስሳት ላይ ተቀምጠው የሚሽከረከሩበት ካሮሴልም አለ፣ ልጆቹ ከወረዱ በኋላ ድጋሚ፣ ከዛ ድጋሚ። ዊንተር ላይ የሚከፍቱበትን ቀን አይታችሁ ሂዱ፣ ንስሩንም ጠዋት አድርጉት፣ ከላርክ በኋላ ልጆች ይዞ ሌላ ቦታ መሄድ የማይሞከር ነው።